አባባ ነርሷን የሸኙ ዕለት

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
እሑድ፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሳምሪ
ደብረ ብርሃን

እንደምን ከረምሽልኝ የኔ እናት? ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? ልጆቹስ? እኔና አባባ አለን። «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ልጀምር እስክሪብቶውን ካነሳሁ በኋላ ነው የተውኩት። በዚች ቃል ምክንያት የደረሰብንን ስነግርሽ ለምን እንደተውኩት ይገባሻል።

በእጄ የምጽፍልሽ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። ስልክ ስደውል አባባ አጠገቤ ናቸው፣ ጆሯቸው ደግሞ ከእግራቸው በጣም ይሻላል። አሁን ምሳቸውን በልተው ጋደም ብለዋል። ጎረቤቴ ነጃት ሐሙስ አዲስ አበባ ትገባለች፤ ከልጆቹ ቫይታሚን ጋር እሰጣታለሁ፣ ደውላ ታገኝሻለች።

መልእክትሽን ሳነብ፣ አትቀየሚኝና፣ ሳቄ ነው የመጣው። «እትዬ፣ በጤና ማሻሻያው ውስጥ የቤት ለቤት እንክብካቤ ያለውን ሚና ለስልጠና አዘጋጂ ተብያለሁ። እናንተ ዘንድ ሚናው ምን ይመስላል?» ነው ያልሽኝ። ሚናው? ሚናውማ እኔ ነኝ፣ ሳምሪዬ! ሃምሳ አራት ዓመት የሞላው፣ ጠዋት ጠዋት አልጋውን ተደግፎ የሚነሳ፣ ፀጉሩን ከተሠራ አራት ወር ያለፈው ሚና። አንቺ በጤና ኤክስቴንሽን ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ደጅ ስታንኳኪ የኖርሽ ሰው ነሽና ለቀባሪው አረዱት እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ የማውቀውን ልንገርሽ።

እዚህ አገር አቅመ ደካማ ሽማግሌ ወይ ናርሲንግ ሆም የሚሉት መጦሪያ ይገባል፣ ወይ ቤቱ ሆኖ መንግሥት ረዳት ይከፍልለታል። ቤት ሲሆን ወጪው ይቀንሳል፣ ሰውየውም ተከብሮ ይኖራል ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የገዛ ልጁም ብትሆን ሠልጥና ከተመዘገበች ረዳት ትሆነዋለች። ስለዚህ እኔ ለአባባ ልጃቸውም ሠራተኛቸውም ነኝ። ጠዋት ስልኬ ላይ «ገብቻለሁ» የሚለውን እጫናለሁ፣ ማታ «ወጥቻለሁ» የሚለውን። ወጥቼ ወዴት እንደምሄድ እንጃ፤ መኝታ ቤታችን አንድ ግድግዳ ነው የሚለየው። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድልን የሚወሰነው ደግሞ በዓመት አንዴ ቤት መጥታ አባባን በምታይ ነርስ ነው። ሠላሳ ስምንት ሰዓት ነበረን። ሰዓቱ ከወረደ እኔ ሌላ ሥራ እገባለሁ፣ አባባ ብቻቸውን መዋል አይችሉም፣ ስለዚህ ናርሲንግ ሆም ይገባሉ። ነገሩ ይኸው ነው።

ከሰፈራችን ከላንድማርክ ሃያ ደቂቃ ብትነጂ ኮንግረስ ደጃፍ ትደርሻለሽ። ስለ ጤና ሪፎርሙ እዚያ ተቀምጠው ይከራከራሉ። አባባ ቴሌቪዥኑን እያዩ «ምን አሉ?» ይሉኛል። «ይቀነስ አይቀነስ ነው ጭቅጭቁ» እላቸዋለሁ። «ምኑ ነው የሚቀነሰው?» ሲሉኝ «እርስዎ» ልላቸው ምላሴ ላይ ይመጣና እውጠዋለሁ።

ነርሷ የመጣችው ጥር መጨረሻ ላይ፣ በረዶ በጣለ ማግስት ነው። ጥፋቱ ከእኔ ነው የጀመረው፣ አልዋሽሽም። እንግዳ ይመጣል ብዬ ከዋዜማው ጀምሬ ቤቱን ስፈትግ ዋልኩ። መጸዳጃ ወንበራቸውን መጋረጃ ጀርባ ደበቅሁ። ዳይፐሩን ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩ። አባባን ጢማቸውን ላጨሁ፣ ግራጫውን ሱፍ ከነክራቫቱ አለበስኳቸው፣ ሽቶም ረጨሁባቸው። ሙሽራ ልድር ነው እንዴ? ያኔ ግን አንዴም ተሳስቻለሁ አላልኩም። ገበናችንን መሸፈኔ ነው። እማዬ ነፍሷን ይማርና እንዲያ አይደል ያሳደገችን።

ነርሷ ገባች። ደግ ሴት ናት፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ነው የገባችው። አባባ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ተነሱ! ስትሮኩ ከመታቸው ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ እኔ ትከሻ ከወንበር ተነስተው የማያውቁ ሰውዬ፣ እንግዳ ተቀምጬ አልቀበልም ብለው በከዘራቸው ብድግ! ጎንበስ ብለው እጅ ነሷት። እኔ አፌን ይዤ ቀረሁ።

አስተርጓሚው በስልክ ነበር፣ ድምፁ የልጅ ነው። «አባቴ፣ እንደምን ዋሉ» ሲላቸው አባባ ወዲያው «አገርህ ወዴት ነው የኔ ልጅ?» አሉት። «ምንጃር ነኝ» አለ። አለቀ! ማን ያውቃል፣ አባቱን ያውቁት ይሆናል። አሁን የምንጃር ልጅ እየሰማቸው «ሽንቴ ያመልጠኛል» ይበሉ?

«ልብስዎን ራስዎ ይለብሳሉ?»

«ይኸው ለብሼ!»

«ገላዎን መታጠብ ያስቸግርዎታል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ቸግሮኝ።»

«ሽንት ቤት ለመሄድስ?»

እዚህ ላይ ከዘራቸውን ጠበቅ አደረጉና «ተመስገን ነው፣ ተመስገን» አሉ።

ልጁ ምን ያድርግ፣ ያሉትን ነው የተረጎመው። ነርሷም «ፋይን፣ ፋይን» እያለች ትጽፋለች። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት አባባ ዞር ብለው አዩኝ። ያቺን አተያይ ታውቂያታለሽ። አፌን ዘጋሁ።

ይባስ ብሎ ስትጨርስ ሊሸኟት ተነሱ። «ኧረ በእመቤታችን ይቀመጡ!» ብላቸው «እንግዳ ከደጅ ሳይሸኝ? ምን ነካሽ!» ብለው ተቆጡኝ። ከሳሎን እስከ በሩ አሥራ ሦስት እርምጃ ነው። አሥራ ሦስቱንም ሄዱ። ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሊፍቱ እስኪዘጋ ድረስ እጃቸውን አውለበለቡላት። ሊፍቱ ሲዘጋ እላዬ ላይ ተደገፉ፤ እየጎተትኩ ነው ያስገባኋቸው። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረዱም።

በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። ያለ ሰው ድጋፍ ይራመዳሉ፣ ራሳቸውን ይችላሉ ይላል። ከሠላሳ ስምንት ሰዓት ወደ አሥራ አንድ። ደብዳቤውን ይዤ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ወጥቼ ምሳ ሠራሁ።

እሑድ ወንድምሽ እንዳልካቸው ከሲልቨር ስፕሪንግ መጣ። አነበበው፣ አጠፈው። «እትዬ፣ አስፐን ሂል አጠገብ አንድ ናርሲንግ ሆም አይቻለሁ፣ ንጹሕ ነው፣ ሐበሻ ነርሶችም አሉበት። ለአንቺም እኮ እረፍት ነው» አለኝ። ክፉ አይደለም እንዳልካቸው፣ ታክሲ ላይ ውሎ ታክሲ ላይ የሚያድር ሰው ነው፣ ምን ይበል? ግን አባባ ይሰሙ ነበር። በማግስቱ «አየለች፣ ሻንጣዬን ከላይ አውርጂልኝ፣ ልብሴን ልይ» አሉኝ። አላወረድኩም። «ረስቼው ነው» እያልኩ አንድ ሳምንት አሳለፍኩ።

አፒል አድርጊ፣ ይግባኝ በዪ ያለችኝ ነጃት ናት። እሷም አማቷን በዚሁ መንገድ አስታማለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ሐበሻ እኮ ወረቀት ላይ ሁሉም ጤነኛ ነው! እስላሙ ሊሞት እያጣጣረ አልሐምዱሊላህ፣ ክርስቲያኑ ሊሞት እያጣጣረ ተመስገን! ነርሷ ደግሞ የሰማችውን ትጽፋለች። ከቀኖቻችሁ ሁሉ የከፋውን ቀን ነው መናገር ያለባችሁ» አለችኝ። አፒል አደረግሁ፤ ጉዳዩ እስኪታይ ሰዓቱ ባለበት ይቆያል ተባልኩ።

ከዚያ አባባን መለመን ጀመርኩ። ሁለት ወር ለመንኳቸው። «እውነቱን ይንገሩልኝ፣ ሌላ አልጠይቅዎትም» እላለሁ። «ገበናዬን ዳኛ ፊት ላስጣ?» ይላሉ። «በስልክ ነው አባባ፣ ፊትዎን አያዩትም» እላለሁ። «እኔ የራሴን ፊት አውቀው የለ?» ይሉና ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። አንዳንዴ ትዕግሥቴ አልቆ ጮኼባቸዋለሁ፣ ሳምሪ። አባቴ ላይ ጮኼያለሁ። ጮኼም ያው እኔው ነኝ መልሼ የማጥባቸው።

ግንቦት መግቢያ ላይ ጉዳዩ የሚታይበት ቀን ደረሰ። ስልኩን ስፒከር አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አስተርጓሚዋ ሴት ናት፤ አገሯን እንዳይጠይቋት አስቀድሜ ቃል አስገብቻቸዋለሁ። ጉዳያችንን የሚሰማው ሹም ድምፁ ረጋ ያለ ሰው ነበር።

«አቶ ፍቅረማርያም፣ ገላዎን ራስዎ ይታጠባሉ?» አላቸው።

አባባ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ከዚያ «አልችልም» አሉ።

«ማን ያጥብዎታል?»

«ልጄ።»

እፎይ አልኩ። በቃ፣ ተናገሩልኝ ብዬ እጃቸውን ልይዝ ስል «የምጨምረው ቃል አለኝ» አሉ። በመንገዶች ባለሥልጣን ዘመናቸው ሠራተኛ ሰብስበው ሲናገሩ የነበረው ድምፅ ነው የወጣው።

«የከፋውን ቀን ተናገር ተብያለሁ። በሁዳዴ፣ አራተኛው ሳምንት ላይ፣ ይህቺ ልጅ እኔን ከመታጠቢያው ስታነሳ አብራኝ ወደቀች። እሷ ከታች፣ እኔ ከላይ። ጎረቤት እስኪመጣ አርባ ደቂቃ ውሃው እየፈሰሰብን ተጋድመናል። ወገቧን ተጎድታለች። ከዚያ ወዲህ በጀርባዋ ተኝታ አታውቅም፣ ስትነሳ እሰማታለሁ። ለማንም እንዳልናገር በሟች እናቷ አስምላኛለች። መሐላዬን አፍርሻለሁ፣ የንስሐ አባቴ ያስተካክሉኛል። ለእኔ ሰዓት ጨምሩልኝ አልልም። ለእሷ ሰው ጨምሩላት።»

አስተርጓሚዋ ቃል በቃል ተረጎመችው።

አዎ፣ ሳምሪ። ወድቄያለሁ። አንቺም አሁን ነው የምትሰሚው። ያኔ ስትደውዪ «ድምፅሽ ምን ሆኗል?» ብለሽኝ ጉንፋን ነው ያልኩሽ፣ ያ ነው። ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር? ደብረ ብርሃን ሆነሽ ስታለቅሺ ማደር ነው። ለእንዳልካቸውም አልነገርኩም፤ ቢሰማ በማግስቱ ሻንጣቸውን ራሱ ያወርደው ነበር። ሐኪም ዘንድም አልሄድኩም ነበር፤ «ምን ሆነሽ ነው?» ካሉኝ የማነሳው ሰው እንዳለ ይታወቃላ።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን ተናደድኩባቸው። ይህቺ ሴት ማንሳት አትችልም ብለው አሁኑኑ ይወስዷቸዋል፣ በራሳቸው አፍ ጨረሱት ብዬ ነው ያሰብኩት። ሹሙ አመሰገነን፣ ውሳኔው በፖስታ ይደርሳችኋል አለ፣ ስልኩ ተዘጋ። ማታ ሾርባቸውን እየሰጠኋቸው «አባባ፣ ለምን እንዲህ አደረጉኝ?» አልኳቸው።

«ገበናህን ግለጥ እያልሽ ስትለምኚኝ ከረምሽ» አሉኝ። «የኔ ገበና ሽንቴ መሰለሽ? የኔ ገበና አንቺ ነሽ። ልጄን እየበላሁ መኖሬ ነው።»

ሾርባው ቀዝቅዞ ስለነበር አሙቄ አመጣሁት።

ውሳኔው ባለፈው ሳምንት ደረሰ። ሰዓቱ ባለበት ሠላሳ ስምንት ይቆይ፣ ግን ማጠቡንና ማንሳቱን ሌላ ረዳት በአሥራ ስምንቱ ሰዓት ይሥራው፣ ቀሪው የእኔ ይሁን ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንዳልካቸው ነገሩን ከአባባ ሰምቶ ኖሮ ደውሎ «መውደቅሽን ብትነግሪኝ እኮ እየመጣሁ አነሳቸው ነበር» አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ያም ሆኖ ድምፁ ተሰባብሮ ነበር፣ አሳዘነኝ። የአስፐን ሂሉ ነገር ከዚያ ወዲህ አልተነሳም።

ለስልጠናሽ የሚሆን አንድ ነገር ካለኝ ይኸው፤ የምታሠለጥኛቸው ሴቶች ሰው ቤት ሲገቡ «እንዴት ነዎት?» ብለው አይጠይቁ። መልሱ ይታወቃል። «ትናንት ማን አጠበዎት? ማን አነሳዎት?» ብለው ይጠይቁ። ሲወጡ ደግሞ ያቺን በር ላይ ቆማ የምትሸኛቸውን ሴት ወደ ውጭ ይዘው ይውጡና ወገቧን ይጠይቋት። ሚናው ላይ የት ጋ እንደሚገባ አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔ ሪፖርት አልችልበትም።

የተመደበልን ረዳት ሐሙስ ጠዋት መጣ። ንጉሡ ይባላል፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከበልትስቪል፣ ድልድይ ተሻግሮ ነው የሚመጣው። ሃምሳውን ያለፈ፣ ትከሻው ሰፊ፣ አገር ቤት የከባድ መኪና ሾፌር የነበረ ሰው ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጠላው ተዘጋጅቼ ነበር የጠበቅሁት። ውሃው እንዲህ ይሁን፣ ግራ እጃቸውን እንዳትስብ፣ ሳሙናው ያ ነው እያልኩ በሩ ላይ ቆምኩ። «እሺ እህቴ፣ እሺ» አለኝና ቀስ ብሎ በሩን ዘጋው።

ፎጣ ይዤ ውጭ ቆሜ ቀረሁ። እኔ ሳጥባቸው ምን እንደሚያደርጉ ነግሬሽ አላውቅም። ዓይናቸውን ይጨፍኑና ዳዊት ይደግማሉ። ጮክ ብለው፣ ከጀመርኩ እስክጨርስ ድረስ፣ አንዲት ቃል ሳያናግሩኝ። እኔም ጸሎት ስለሚወዱ ነው ብዬ እመቤቴን አመሰግን ነበር። ሐሙስ ግን ዳዊት የለም። ውሃው ይፈሳል፣ ወሬ ይሰማል። ተርማበር ይላሉ፣ ፍሬን ይላሉ፣ ግሬደሩ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ይላሉ። ንጉሡ «ኧረ ተው አባቴ!» ይላል። ከዚያ አባባ ሳቁ። እንደ ድሮው፣ ከሆዳቸው፣ እስኪያስላቸው። ከስትሮኩ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም።

ቀናሁ፣ ሳምሪ። የማናውቀው ሰው፣ ከገባ ገና ሩብ ሰዓት ያልሞላው፣ አባቴን አሳቀብኝ። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ያን በር ዘግቼ ምን ያህል እንዳሳፈርኳቸው ያኔ ነው የገባኝ። ደስም ብሎኛል፣ ሁለቱም አንድ ላይ ነው የመጣብኝ። ሶፋው ላይ ትንሽ ልረፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

ስነቃ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ንጉሡ ሄዷል። አባባ ለብሰው፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍተው ያያሉ። ብርድ ልብስ ለብሻለሁ፤ ማን እንዳለበሰኝ አላውቅም። «ለምን አልቀሰቀሱኝም? መድኃኒትዎ አልፎ!» ብዬ ብድግ ስል «ወስጃለሁ። ዝም ብለሽ ተኚ፣ ልጄ» አሉኝ። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ሥራ ከያዝኩበት ጊዜ ጀምሮ አየለች እንጂ «ልጄ» ብለው ጠርተውኝ አያውቁም። ተመልሼ ተኛሁ። እስከ ማታ ተኛሁ፣ ሳምሪዬ።

በይ እንግዲህ፣ ሲገላበጡ ይሰማኛል፣ ልነሳ ነው። ደጅ የምታንኳኪበትን እጅሽን፣ ዳገት የምትወጪበትን ጉልበትሽን እመቤቴ ትጠብቅልሽ። ልጆችሽ ለወግ ለማዕረግ ይብቁልሽ። ስትደውዪ ወገቤን አደራ እንዳታነሺብኝ፣ አባባ ይሰማሉ። ራስሽን ግን ጠይቂልኝ፤ አንቺንስ ወገብሽን ማን ይጠይቅሻል?

የምትወድሽ እህትሽ
አየለች ፍቅረማርያም